ስልክ ውስጥ የሠራሁት ቤት

ትልቅ ሰው ለምን እንደሚጫወት አስባችሁ ታውቃላችሁ? ልጅማ ጠጠርም ካገኘ ይጫወታል። እኔ የምለው ሚስት ያለው፣ ልጅ ያለው፣ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ የዋለ ሰው ቤቱ ገብቶ ጫማውን እንዳወለቀ ስልኩን አቅፎ ሌላ ሥራ የሚጀምረው ለምንድነው? ሥራ ነው እንጂ። ጨዋታ ቢሆንማ ይስቅ ነበር።

ባሌ ታምራት አየር ጤና ጎሚስታ ነው። ቀን ጎማ ይለጥፋል፣ ሲመሽ ጠፈር ያስተዳድራል። ስልኩ ላይ ያለው ጌም ከአንዲት ደረቅ ፕላኔት ይጀምራል፤ ብረት ይቆፈራል፣ መርከብ ይሠራል፣ ከጎረቤት ፕላኔት ጋር ወይ ይታረቁታል ወይ ይዋጉታል። የላካት መርከብ እስክትደርስ ደግሞ ይጠበቃል። ግማሽ ቀን! «ምኑ ነው ደስ የሚለው?» ስለው፣ «መድረሷ» አለኝ።

ያኔ ሳቅሁበት። ኋላ ግን ገባኝ። እኛ ለኮንዶሚኒየም ተመዝግበን የምንጠብቅ ሰዎች ነን፤ መጠበቅ ብርቃችን አይደለም። ጌሙ ላይ ግን አንዲት አረንጓዴ መስመር እየሞላች ምን ያህል እንደቀረው ታሳየዋለች። የጠበቀ ያገኛል። እንዲህ ያለች መስመር በኑሯችን ላይ ብትኖር ማን ጌም ይጫወት ነበር?

ይኼው ሦስት ፕላኔት የሚገዛ ሰው ታዲያ ቤታችን ግድግዳ ላይ ሚስማር ለመምታት እትዬ ብርነሽን ያስፈቅዳል። እሳቸውም «እናያለን» ይሉታል።

እትዬ ብርነሽ አከራያችን ናቸው። እሳቸው ከፊት ትልቁ ቤት፣ እኛ ከኋላ ሰርቪሷ ውስጥ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ልጄ ሶስና ስታስል ጦስኝ አፍልተው የሚመጡት እሳቸው ናቸው። ብቻ ልንከራይ የመጣን ዕለት ደላላው ፊት «ስንት ናችሁ?» ብለው ጠየቁን። «ሦስት» አልን። «ሦስት እንደሆናችሁ ቆዩ» አሉ። ምርቃት መስሎኝ «አሜን» አልኩ።

አራተኛው ይኼው ሆዴ ውስጥ ነው።

እኔ ደግሞ ሲፈጥረኝ ጭንቀታም ነኝ። «ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋ ስንጥር» የሚለውን ተረት ሰው ለጨዋታ ይናገረዋል፤ እኔ ኖሬበታለሁ። ሆዷ የገፋ፣ ልጅ ያንጠለጠለች ተከራይ ማን ያስገባል? በዚህ በፀሐይ ሰፊ ሹራብ ለበስኩ። እትዬ ብርነሽ ደጅ ካሉ ሆዴን በባልዲ ጋርጄ አልፋለሁ። ኮልፌ ውስጥ እንደኔ ውሃ ስትቀዳ የምትውል ሴት አልነበረችም።

ታምራት ጭንቀቴን ሲያይ «አንቺም ተጫወቺ» ብሎ ሌላ ጌም ጫነልኝ። የጠፈሩ ጽሑፍ ይበዛዋል፤ እኔ በአማርኛው ቀስ እያልኩ ነው የማነበው፣ በእንግሊዝኛው ጭራሽ ቆሜ ነው የምቀረው። ይኼኛው ግን ፊደል አይጠይቅም። ባዶ ሜዳ ይሰጣችኋል፣ በቃ። እንጨት ትቆርጣላችሁ፣ ድንጋይ ትፈልጣላችሁ፣ ያሻችሁን ትሠራላችሁ። «ምን አድርጊ ነው የሚለኝ?» ስለው፣ «ምንም» አለኝ። ምንም የማያዘኝ ነገር ገጥሞኝ ስለማያውቅ መጀመሪያ ፈራሁት።

ከዚያ ቤት ጀመርኩ። ግድግዳዬ ተንጋደደ፤ አፈረስኩት። ማንም አልተቆጣኝም። ደግሞ ሠራሁ፣ ደግሞ አፈረስኩ። የጨዋታው ጣዕም እዚህ ላይ ነው መሰለኝ፤ ተሳስተሽ እንኳን ውጪልኝ የሚልሽ የለም። በየግድግዳው መስኮት አወጣሁ። ሥዕል ሰቀልኩ፣ ሳላስፈቅድ። ዝናብ ሲመጣ ጣራው ሥር ቆሜ ጠበቅሁ፤ አላፈሰሰም። መጨረሻ ላይ አልጋ ዘረጋሁ፤ ለእኔ፣ ለታምራት፣ ለሶስና። አራተኛዋን ትንሽዬ አልጋ መስኮት ሥር አደረግኋት።

የፈሩት ይደርሳል። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሶስና ስልኩን ነጥቃኝ ወደ ትልቁ ቤት ሮጠች። «እማማ ብርነሽ! ቤት ሠራን፣ ኑ እዩ!» ባልዲዬን አንስቼ ተከተልኳት። ስደርስ እትዬ ብርነሽ መነጽራቸውን አድርገው ቤቴን እየጎበኙ ነው።

«በሩን ምን ብለሽ ነው ወደ ነፋሱ ያዞርሽው?»

«አዞረዋለሁ፣ እትዬ።»

«ባኞ ቤቱም ከውስጥ ነው? እሰይ! ትልቅ ሰው ሆነሻላ።» ከዚያ ጣታቸው ቆመ። «አልጋው አራት ነው።»

«ለእንግዳ ነው» አልኩ።

«እንግዳው እግሩን አጥፎ ነው በዚህች የሚተኛው?» ቀና ብለው አዩኝ። «ባልዲውን አስቀምጪው፣ የኔ ልጅ። ባዶ ነው።»

አስቀመጥኩት።

«ስንት ወርሽ ነው?»

«አምስት።»

 እኔ በልቤ ዕቃ ማሰር ጀመርኩ። ፍራሹን ጠቅልዬ ብረት ድስቱ ላይ ስደርስ፣ «እኔስ የት ነው የምኖረው?» አሉኝ ስልኩን እያዩ።

ይኼን አላሰብኩበትም ነበር። በተረፈኝ እንጨት አንዲት ክፍል ቀለስኩላቸው። ቦታ የነበረው ከኋላ ነው።

«ከኋላ?» አሉ።

«ከኋላ።»

«መስኮትስ?»

አፌ እኔን ሳያማክር «እናያለን» አለ።

 እትዬ ብርነሽ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት። «ጠበበኝ» አሉ።

«አንድ ሰው ነዎት እኮ፣ እትዬ።»

«ይቺ አፍ ዛሬ ነው የመጣችው?» ብለው ስልኩን መለሱልኝ። ቆዩም ውጡም አላሉ። ሌሊቱን እንዴት እንዳሳለፍኩት አትጠይቁኝ።

በነጋታው መዶሻና ሚስማር ይዘው በራችን ላይ ቆሙ። «የሕፃን ጨርቅ ምን ላይ ልትሰቅሉ ነው?» ብለው ለታምራት ሰጡት። የሦስት ፕላኔት ገዢ በደስታ የገዛ አውራ ጣቱን መታ።

ከዚያ ወዲህ ቡና እንኳን ሳይቀምሱ «ክፍሌ የት ደረሰች?» እያሉ ይመጣሉ። መስኮት አወጣሁላቸው። መደርደሪያ አሉ፤ ሠራሁ። ተከራይ ፊት ካገኘ ጥያቄው አያልቅም። ትናንት ደግሞ አልጋዬን ሁለት አድርጊልኝ አሉ።

«ለማን ነው?» አልኩ ኮስተር ብዬ።

«አራስ ስትሆኚ ሶስና የት ልታድር ነው?»

ስልኩ ላይ የሠራሁላቸውን ሰርቪስ አየኋት፤ ጠባብ ናት። ሲከራዩ ደግሞ አንድ ሰው ነበሩ።

«እናያለን» አልኳቸው።