ጋሼ ሦስት እግር እና የአባቴ ጆሮ

የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ሁሉ በውስጡ አንድ መምህር ደብቆ ይኖራል። የእኛ ሰፈር ጠጋኝ ግን መደበቁን ትተውታል። ክቡርነታቸው ዕቃህን ሠርተው ከጨረሱ በኋላ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡትና መዳፋቸውን ይጭኑበታል። «ምን ሆኖ እንደነበር አስረዳኝና ውሰድ» ይላሉ። ሬዲዮ ያሠራች ጎረቤታችን ሁለት ጊዜ ወድቃ በሦስተኛው አልፋለች።

ሰፈሩ «ጋሼ ሦስት እግር» ይላቸዋል። የራሳቸው እግር ሁለት ነው፤ ሦስቱ የትራንዚስተር ነው። ይህቺ የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል ጥቁር ዕቃ ለእሳቸው የፍጥረት ሁሉ መጀመሪያ ናት። ስለ ዝናብ ብታነሣባቸው እንኳ ዞረው ዞረው እሷ ላይ ያርፋሉ።

እንዲህ በሩቁ ስስቅባቸው ኖሬ የአባቴ የመስሚያ መሣሪያ ተበላሸች። ደረት ኪስ ውስጥ ተቀምጣ በሽቦ ጆሮ ድረስ የምትሄድ አሮጌ ሣጥን ናት። ያለ እሷ አባቴ ምንም አይሰማም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጮህኩበት። መጀመሪያ ተቆጣ፤ በኋላ መልስ መስጠቱን ትቶ ግድግዳ ግድግዳውን ማየት ጀመረ። ያኔ ፈራሁ።

ትምህርቱን ሽሽት ሣጥኗን ራሴ ከፈትኳት። የተቃጠለውን ትራንዚስተር ነቅዬ፣ መልኩ ቁርጥ እሱን የሚመስል ሌላ ገዝቼ በየድኩ። ትንፍሽ አላለችም። አንገቴን ደፍቼ ወደ ክቡርነታቸው ሄድኩ።

«መሃለኛዋ እግር ሁልጊዜ ቤዝ ናት ያለህ ማነው?» አሉ ሣጥኗን አይተው።

«እርስዎ ነዎት። በመንገድ ሳልፍ ሰምቼ ነው።»

«እያለፉ ሲሰሙ እንዲህ ነው! የአንዳንዷ ቤዝ ዳር ላይ ናት። ቁጭ በል።»

ቁጭ አልኩ። የትራንዚስተሯን እግሮች በየቦታቸው መልሰው እየበየዱ ማስረዳት ጀመሩ።

«ሦስቱ እግሮቿ ቤዝ፣ ኮሌክተርና ኤሚተር ይባላሉ። ብዙ ኤሌክትሪክ ከኮሌክተር ወደ ኤሚተር ሊያልፍ ይፈልጋል፤ በሩ ግን ዝግ ነው። በቤዝ በኩል ትንሽ ስትሰጣት ትከፍትለታለች። ትንሹ ብዙውን ያዛል። ባለቤቴ በጆሮዬ አንድ ቃል ሹክ ትለኛለች፣ እኔ ሰፈሩን ሙሉ እናገራለሁ። እንደዚያ ነው።»

«እኔ ምንም አላልኩም!» አሉ ባለቤታቸው ከመጋረጃው ጀርባ።

«ድምፁ የሚጎላበት ጉልበት ከየት መጣ?» ጠየቁኝ።

«ከትራንዚስተሯ።»

«ወደቅክ! ጉልበቱ የባትሪው ነው። እሷ ታሳልፋለች እንጂ አትፈጥርም። ቤዟ ላይ ስድስት አሥረኛ ቮልት ገደማ ካልደረሰ ደግሞ ዓይኗንም አትገልጥም። ከልክ በላይ ከገፋሃትም በሩ አንዴ ወለል ብሏል፤ ከዚያ ወዲያ ድምፁ ይበላሻል እንጂ አይጨምርም።» ቀና ብለው አዩኝ። «አባትህ ላይ ትጮሃለህ፣ አይደል?»

«አዎ» አልኩ።

«አሁን ይሰማሃል። ቀስ ብለህ አናግረው።»

በአራተኛው ሙከራ አለፍኩ፤ መዳፋቸውንም አነሡልኝ።

ቤት ገብቼ ሣጥኗን አባቴ ኪስ ውስጥ፣ ማዳመጫዋን ጆሮው ላይ አደረግኩ። በልማድ ልጮህ አፌን ከፈትኩና ትዝ ሲለኝ ድምፄን ዝግ አደረግኩ። «አባዬ።»

«ወዬ» አለኝ።

ሦስት ሳምንት የናፈቀኝ ቃል ነበር። እንባዬ መጣ፤ አላፍርም።

«ምን ሆና ነበር?» አለኝ ቀጥሎ። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ መዳፌን ደረት ኪሱ ላይ ጭኜ ማስረዳት ጀመርኩ። ኮሌክተር ጋ ስደርስ ማዳመጫዋን ከጆሮው አወጣት።

በማግሥቱ ለጋሼ ነገርኳቸው።

«የቱ ጋ አወጣት?»

«ኮሌክተር ጋ።»

«እዚያ ጋ ሁሉም ይሸሻል» አሉ አዝነው። «ቅዳሜ አምጣው፤ ከመጀመሪያው እጀምርለታለሁ።»

ይዤው ሄድኩ። አባቴ ሁለት ሰዓት ሙሉ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ማዳመጫዋን አንዴም አላወጣትም። «ሰውዬው ከአንተ ይሻላሉ» አለኝ ስንመለስ። በሚቀጥለው ቅዳሜ የግድግዳ ሰዓታችንን ይዘን ሄድን። ከዚያ ሬዲዮውን፣ ከዚያ የእጅ ባትሪውን።

አሁን ቤታችን ውስጥ የተበላሸ ዕቃ የለም። አባቴንም እኔንም አሳስቦናል።