ክቡር የመንገድ አማካሪ

አውቶቡስ እየጠበቅሁ ሳለ አንድ እጅ ከኋላ ትከሻዬን ያዘኝ። ዞር ሳልል አወቅኋቸው። የመሥሪያ ቤታችን ሒሳብ ሹም ናቸው፤ እኛ ግን «ክቡር የመንገድ አማካሪ» ነው የምንላቸው።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። ባልደረባቸው በምን ተሳፍሮ እንደሚመጣ ካልወሰኑ ምሳ አይዋጥላቸውም። ጸሐፊያችንን መኪናዋን አሽጠው ብስክሌት ያስገዟት እሳቸው ናቸው። ጉልበቷን ሲያማት «ኮርቻው ነው እንጂ ምክሩ ምን አጠፋ?» አሉ። የግዥ ክፍሉን ሰውዬ ደግሞ በእግሩ መምጣት አስጀመሩት፤ ይኸው በየጠዋቱ ላብ በላብ ሆኖ ይገባና «ቀለለኝ» ይላል። ከበደኝ ብሎ ማን ይገላገላቸዋል!

«እዚህ ምን ይገትርሃል? አውቶቡስ የሚጠብቅ ጡረተኛ ነው» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ዛሬን እንኳ ይተዉኝ። የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶኛል። አለቃችን የፊርማውን ወረቀት ሳልደርስ ካነሳችው መባረሬ ነው።»

«እኮ! ከገበያው ጀርባ ሚኒባስ አለ። ማንም አያውቀውም፤ ለአንተ ብቻ ነው የምነግርህ።»

እግሬ እምቢ እያለ ተከተልኳቸው። በአትክልት ሻጮቹ መሀል ስንጋፋ እኔ ሰዓቴን አያለሁ፣ እሳቸው የአውቶቡስን ኃጢአት ይዘረዝራሉ። ስንደርስ ክው አልኩ። ግማሹ ቢሮ ግልብጥ ብሎ ወጥቶ እዚያ ቆሟል! ጸሐፊዋ፣ የግዥው ሰውዬ፣ ጥበቃው ሳይቀር።

«እንዴ ጋሼ! ለእኔ ብቻ ነው ብለውኝ አልነበር?» አለች ጸሐፊዋ።

«ለእኔም!» አለ ጥበቃው።

ክቡርነታቸውን ድንገት ሳል ያዛቸው።

ሚኒባሱ ሲመጣ ባልደረባነት ቀረ። ክርን በክርን ሆነ። ጸሐፊዋ ገባች፣ ጥበቃው ገባ፣ እሳቸውም በዚያ ዕድሜያቸው ሾልከው የመጨረሻዋን መቀመጫ ያዙ። ረዳቱ «ሞልቷል!» ብሎ በሩን ሲስበው እኔ ውጭ ነኝ። ሌላ ሚኒባስ እስኪመጣ ወረቀቱ አይጠብቀኝም።

«ቆይ፣ ወራጅ አለ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

አርፍደው የማያውቁት፣ አርፋጅ ሲያዩ ፊታቸው የሚጠቁረው ሰውዬ ወረዱ። አፌን ሳልከፍት ጀርባዬን ገፍተው አስገቡኝ። ዛሬም ደሞዝ የምበላው በዚያች መቀመጫ ነው፤ ስለዚህ ባልደረቦቼ ሲያሟቸው አብሬ ብስቅም፣ ሐሜቱ ሲበዛ ተነሥቼ እወጣለሁ።

ሚኒባሱ ሲነሳ በመስኮቱ «እርስዎስ ጋሼ?» አልኳቸው።

ከረባታቸውን አስተካከሉና «አለቃችን ከጠየቀችህ፣ መንገድ እያጠኑ ነው በላት!» አሉኝ።