አልሞትም ያለው ባላባት

ሥራው መሞት ብቻ የሆነ ተዋናይ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ባሕር ዳር ገጥሞኛል። ጋሽ ታደለ ቦርጫም በመሆኑ ብቻ የዓባይ ማዶ ኪነት ቡድን ቋሚ ባላባት ነበር። በየአብዮት በዓሉ ጣና ዳር መድረክ ላይ ካባ ለብሶ ይወጣል፤ እኔ ጭሰኛውን ሆኜ የእንጨት ጠመንጃ እደግንበታለሁ፤ ለተኩሱ ድምፅ ከመጋረጃ ጀርባ ቆርቆሮ ይመታል፤ እሱ ይወድቃል። ይህም ሙያ ነው እንግዲህ!

አንድ በዓል ላይ ቆርቆሮው ተመታ፤ ጋሽ ታደለ አልወደቀም። ተደገመ፤ ካባውን አስተካከለ።

ካድሬው ከፊት ወንበር ተነሥቶ፣ "ጓድ፣ ሙት እንጂ!" ብሎ ጮኸ።

"መሬቱን ወሰዳችሁ፤ ቤቱን ወሰዳችሁ፤ ከእንግዲህ ምን ቀርቶኝ ነው በየዓመቱ የምትገድሉኝ?" አለ ጋሽ ታደለ በባላባቱ አንደበት።

በማግሥቱ ቀበሌ ተጠራን። "ለምን አልወደቅህም?" አሉት።

"ተኳሹን ጠይቁ" አለ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። በሁለት ክንድ ርቀት፣ ያን የሚያህል ቦርጭ!

"ሳትሁት" አልሁ፤ "ለከርሞም እስተዋለሁ።"