ስድስቱ ያው ስድስት ናቸው

…ቆዩ እስቲ፣ ሳቄን ልዋጥና ልንገራችሁ። በዚያ ሁሉ ወላጅ መሀል ብድግ ብዬ እልልታዬን ሳቀልጠው፣ ሻርፔ ከትከሻዬ ተንሸራቶ ከፊቴ የተቀመጡትን ሼህ ከነጥምጥማቸው አልብሷቸው፣ እሳቸውም ከውስጥ ሆነው ማጨብጨባቸውን ሳያቋርጡ ብታዩ፣ እናንተም እንደኔ ሆዳችሁን ትይዙ ነበር። ዋናው ግን ይሄ አይደለም። ዋናው ከኋላ ነው ያለው፤ እንዳትሄዱብኝ።

እኔ ዘይነባ ቆቦ ገበያ ላይ ማሽላና ጤፍ ስሰፍር ነው የጎለመስኩት። ስለ መስፈር ጠይቁኝ። ጣሳውን በቁልሉ መስጠት አለ፣ አፉን ጠርጎ መስጠት አለ፣ ነቅነቅ አድርጎ መጠቅጠቅ አለ፣ አውራ ጣትን ወደ ውስጥ ሸጎጥ አድርጎ የጣትን ያህል እህል ማስቀረትም አለ። እናንተ ገዢዎቹ ጣሳውን ታያላችሁ፤ እኔ እጄን አውቃለሁ። ትምህርቴ ግን ሦስተኛ ክፍል ላይ ቆመ። «በመቶኛ» የሚሉት ነገር አራተኛ ክፍል ላይ ነው መሰለኝ ያለው፣ አልደረስኩበትም። ስሜን ግን ጥርት አድርጌ እጽፋለሁ። የተጻፈም ጊዜ ከሰጣችሁኝ በጣቴ እየተከተልኩ አነባለሁ።

ወላጅ ኮሚቴ ውስጥ ያስገባኝ አፌ ነው። ምክንያቱ ግን ሰዓዳ ናት፣ የወንድሜ ልጅ። ወንድሜ ዋጃ ነው የሚኖረው፤ ልጅቱን ዘጠነኛ ክፍል ስትደርስ «አንቺ ጋ ትማር» ብሎ ላከልኝ። መንገድ ተዘግቶ፣ ትምህርት ቤቱም ተዘግቶ፣ ዓመት እየተዘለለ፣ እንደምንም ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል አፋፍ ደረሰች። ነርስ መሆን ነበር ሐሳቧ። ወንድሜ ደግሞ አንድ ነገር ቁርጥ አድርጎ ነግሮኛል፦ ፈተናውን ካለፈች ትማራለች፣ ካላለፈች ጅዳ ትሄዳለች። ታላቅ እህቷም እዚያው ሰው ቤት ነው የምትሠራው፤ ድምጿን ከሰማን ቆይተናል። እንግዲህ ሰዓዳ አንድ ፈተና ብቻ ነበራት።

አምና መስከረም ላይ ስብሰባ ተጠራን። ዳይሬክተሩ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ቀጭን ልጅ ነው፤ ሲናገር ከእኛ ይልቅ ወለሉን ነው የሚያየው። «መቶ ሃያ ተማሪ አስፈትነን ስድስት አለፉ» አለ። «አምስት በመቶ ማለት ነው። በወረዳው ሰንጠረዥ ላይ ከታች ነን። እየደወሉ ያስጨንቁናል። ምን እናድርግ ወላጆች?»

እኔ ዝምታ አይሆንልኝም።

«አንተ ልጅ፣» አልኩት፣ «እኛ እኮ እህል ስንሸጥ መጀመሪያ አበጥረን፣ አንገዋለን፣ ግርዱን አውጥተን ነው ጣሳው ላይ የምንጨምረው። አንተ ከነግርዱ ሰፍረህ ገዢ ፊት ታቀርባለህ፣ ከዚያ ለምን አላማረም ትላለህ?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ዳይሬክተሩ እንኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝና ብዕሩን አንስቶ ጻፈው። ወላሂ፣ ቃሌ ሲጻፍ የዚያን ቀን ነው ያየሁት። ቃለ ጉባኤው ዞሮ ሲደርሰኝ ስሜን ከሁሉም በላይ አግንኜ ፈረምኩ። ከዚያ በኋላ ጎብዬ ድረስ ያወራሁት ይሄንኑ ነው፤ ሚኒባስ ውስጥ ለማላውቃቸው ሰዎች ሁሉ።

ዓመቱ እንዲህ አለፈ። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለሆነ ልጆቹ በአውቶቡስ ሄደው እዚያው ሰንብተው ነው የሚመለሱት። ለሰዓዳ በሶ አዘጋጀሁ፣ አዲስ ጫማ ገዛሁ፣ ዱዓ አደረግሁ። እስከ መናኸሪያው ልሸኝሽ ስላት «ጓደኞቼ ይስቁብኛል አክስቴ፣ ጮክ ብለሽ ነው የምታወሪው» አለችኝ። እውነት ስለሆነ አልተቀየምኩም፤ ከበር ላይ ሸኘኋት። ውጤት ሲወጣ አንገቷን ደፍታ መጣችና «ወደቅሁ» አለች። አቀፍኳት። «ብቻሽን ነሽ እንዴ፣ አገር ምድሩ አይደል የወደቀው» አልኳት። ወንድሜ ከዋጃ ደውሎ የፓስፖርቱን ነገር ጀመረ። ቃሉን አክብሯል፤ ምን ብዬ ልከራከረው?

ዘንድሮም ስብሰባ ተጠራ። ዳይሬክተሩ ሰው ሆኗል፤ ኮት ለብሷል፣ ወለሉን ትቶ እኛን ያያል። «ውጤታችን ከአምስት በመቶ ወደ አሥራ አምስት በመቶ አድጓል፣ ሦስት እጥፍ ማለት ነው፤ ከወረዳውም ምስጋና ደርሶናል» አለ። ቀጠለና፣ «ለዚህ ያበቃንን ምክር የሰጡን እትዬ ዘይነባ ናቸው፣ በጭብጨባ እናመስግናቸው» አለ። እልልታው እዚህ ላይ ነው። ሻርፑም፣ ሼሁም። አሁን ሳቃችሁን ጨርሱት፤ እኔም ጨርሻለሁ።

ሰው ሲበተን ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው ወረቀት ሄድኩ። የሰዓዳን ስም ፈልጌ ነው። ወድቃም ቢሆን ስሟን በታይፕ ተጽፎ ማየት አማረኝ፤ እኛ ቤት ማንም ሰው በትምህርት ያን ያህል ርቆ አልሄደም። በጣቴ ጀመርኩ። ያለፉት ከላይ፣ ስድስት። የወደቁት ከታች፣ ሠላሳ አራት። ሰዓዳ የለችም። ደገምኩ። የለችም። ሦስተኛ ጊዜ ስሞቹን ትቼ ሰዉን ቆጠርኩ፤ ቁጥር አይጠፋኝም። በጠቅላላው አርባ።

አርባ።

አምና ከመቶ ሃያ ስድስት፣ ዘንድሮ ከአርባ ስድስት። እናንተ የተማራችሁት ቀድማችሁኝ ደርሳችሁበት ይሆናል፤ እኔ ግን እዚያ ግድግዳ ሥር ቆሜ ነው በመቶኛ የሚባለውን የተማርኩት። ስድስቱ ያው ስድስት ናቸው። ወደ ላይ ያደገ አንድም ልጅ የለም። ከሥር የተቀነሱ ልጆች ናቸው ያሉት።

ዳይሬክተሩን እጁን ያዝኩት። «የኔ ልጅ ስሟ የለም።»

ድምፁ ወደ ዱሮው ተመለሰ። «እትዬ፣ በሞዴል ፈተናው ዝቅ ያሉትን ለከርሞ ተዘጋጁ ብለን አልመዘገብናቸውም። ሰንጠረዡ የሚሠራው በተፈተኑት ብቻ ነው። ያልተፈተነ አይቆጠርም፣ እንደ ወደቀም አይያዝም።»

«ለከርሞስ ትፈተናለች?»

«ለከርሞም መጀመሪያ ሞዴል አለ።»

«እኔ ሳልሰማ?»

መዝገቡን አውጥቶ ገለጠልኝ። ክፋት አልነበረበትም፤ እንደውም አፍሮልኝ ነበር። የራሴ ቃል፣ በእሱ ጥሩ አማርኛ ተስተካክሎ፦ «ከምዘናው በፊት የማጣራት ሥራ እንዲሠራ በወላጅ ኮሚቴ ተወሰነ።» ከሥሩ የኔ ስም፣ ከሁሉም በላይ ገንኖ።

«ሰርዘው» አልኩት።

«የተፈረመ ቃለ ጉባኤ አይሰረዝም፣ እትዬ።»

ቤት ስደርስ ሰዓዳ ጓሮ ተቀምጣ የነገውን ማሽላ ታበጥራለች። አጠገቧ ቆምኩ። ሰፌዱ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ ግርዱ ወደ ጫፍ እየተገፋ ይወድቃል፤ ዶሮዎቹ ይለቅሙታል። ሥራውን ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ከኔ ትበልጣለች።

«የፈተናው ሰሞን የት ነበርሽ?» አልኳት።

እጇ ቆመ። «ጎብዬ፣ ጓደኛዬ ቤት። በሶውን እዚያ ነው የበላነው።»

«ለምን አልነገርሽኝም? ሄጄ ዳይሬክተሩ ላይ አላወርድበትም ነበር? አባትሽን አላስቆመውም ነበር? ልጅቱ እኮ ገና አልተፈተነችም አልለውም ነበር?»

«ሰማንያ ነበርን» አለች ሰፌዱን እያየች። «አዳራሽ ሰብስበው ወላጆቻችሁ ወስነዋል አሉና አነበቡልን። ከሥሩ የፈረሙትንም ስም ጠሩ። ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ።»

ሰፌዱን ከእጇ ልወስድ እጄን ዘረጋሁ፤ አልሰጠችኝም። ግርዱን እፍ አለችው፣ ከዚያ ቀና ብላ፣ ልክ እኔ እሷን ሳባብል በምናገርበት ድምፅ እንዲህ አለችኝ፦

«ወደቅሁ ያልኩሽ እኮ እንዳታዝኚ ብዬ ነው፣ አክስቴ።»