በጭብጨባ መባረር

ድሮ ሰው ከሥራ ሲባረር ይሰደብ ነበር። «ውጣ! ዓይንህን እንዳላይ!» ይሉሃል፣ አንተም መልሰህ ትሳደባለህ፣ ገላጋይ ይመጣል፣ ቢያንስ ልብህ ትንሽ ተንፈስ ይላል። አሁን መባረርም ዘምኗል። ፈገግ ይሉልሃል፣ ያመሰግኑሃል፣ ካልተጠነቀቅክ ራስህም አብረህ ታጨበጭባለህ።

እኔ ኮልፌ 18 ማዞሪያ ጫኝና አውራጅ ነኝ። ነበርኩ ማለት ይሻላል መሰለኝ። ሲሚንቶ ነው፣ ብረት ነው፣ መኪና ያመጣውን እናወርዳለን። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያለው ሰውዬ ሲሚንቶ ተሸክሞ አያውቅም። ሲሚንቶ ለማንም ጌጥ አይሆንም። ግን ማኅበራችን አንድ ደግ ልማድ ነበረው፤ የታመመ ሰው ተራ አይዘለልም። ተራው ሲደርስ ጓደኞቹ ይሸከሙለታል፣ ድርሻውን ቤቱ ይወስዱለታል። ማንም ያወጣው ሕግ አልነበረም። ነገ የማን ወገብ እምቢ እንደሚል ስለማይታወቅ ነው። ዘንድሮ እምቢ ያለው የኔ ነው። ሚስቴ ደግሞ አራስ ናት፤ ቤታችን የሚበላው ከዚያች ድርሻ ነው።

በዚህ መሃል ጋሽ መላኩ መጡ። ቤቴል ነው ቤታቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የውጭ እርዳታ ድርጅቶችን ሲያማክሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ አለቃ እንዴት አለቃ እንደሚሆን፣ መሥሪያ ቤት እንዴት እንደሚደራጅ ያስተምራሉ። ያልረገጡት አገር የለም ይባላል። የእርዳታው ገንዘብ ሲቆም እሳቸውም ተሰናብተው ቆሙ። ቤት መዋል ሲከብዳቸው ሊቀመንበራችንን ታምራትን «በነፃ ላሰልጥናችሁ» አሉት። ነፃ ነገር ማን ይጠላል?

የቀበሌ አዳራሽ ተሰበሰብን።

«እያንዳንዳችሁ መሪ ናችሁ!» አሉ ጋሽ መላኩ።

«ሁላችንም መሪ ከሆንን ሲሚንቶውን ማን ያወርደዋል ጋሼ?» አለ ከድር፣ የሸክም ጓደኛዬ።

«ግሩም ጥያቄ!» ብለው አለፉት።

ቀጥሎ ቢጫ ወረቀት አደሉን። «ማኅበሩን ወደ ኋላ የሚጎትተው ምንድነው? ስም ሳትጠሩ፣ ሳትፈሩ ጻፉ።» የጻፍነውን ግድግዳ ላይ ለጠፉት። አንዱ «ያልሠራ ሰው ድርሻ ይወስዳል» ይላል። በቀይ አከበቡት። ስም አልተጻፈም፤ ሁሉም ግን ወደ ወገቤ አየ።

ጓደኞቼ ላይ አልፈርድም። ሐሳቡ ድሮም በልባቸው ሳይኖር አይቀርም፣ ሰው ናቸው። ይሉኝታ አፋቸውን ይዞት ነው እንጂ። እኛን ያኖረን ይሉኝታ ነበር፣ ከእሱ ደግሞ ጋሽ መላኩ በግማሽ ቀን ሥልጠና ገላገሉን።

ምሳ ሳይደርስ ተወሰነ፤ ከእንግዲህ ድርሻ ለተሸከመ ብቻ። ታምራት ተነሳና «ጀለሴ፣ ላደረግከው አስተዋጽኦ ማኅበሩ ያመሰግንሃል» አለኝ። ጀለሴና አስተዋጽኦ አንድ ላይ ሲገቡ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አጨበጨቡ። ከድር አቀርቅሮ ነበር። አቀርቅሮ አጨበጨበ።

ጋሽ መላኩ ተከትለውኝ ወጡ። «ልጄ፣ እንደ መባረር አትየው። ሽግግር ነው።»

«እርስዎንስ ሲያሰናብቱዎት ምን አሉዎት?»

«ይህንኑ» አሉ። «ቃል በቃል። ሠራተኛ በክብር እንዴት እንደሚሰናበት ያሠለጠንኳቸው እኔው ነኝ።»

«እና፣ ክብሩ ተሰማዎት?»

ጥቂት እንደሄድን ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ቀነስ አደረጉ። «ከታምራት ጋር ጓደኛሞች ናችሁ አይደል? ማኅበሩ ቋሚ አማካሪ ይፈልግ እንደሆን ብትጠይቅልኝ?»

ልስቅ ብል ወገቤ ከለከለኝ።

«የኔ ቦታ ክፍት ነው ጋሼ» አልኳቸው። «ሸክም ነው እንጂ።»

ሊስቁ ነው ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ትከሻቸውን ዳሰስ አደረጉና «ስንት ኪሎ ነው አንዱ?» አሉኝ።