ዝምታ ጠባቂዋ

ከዚህ በፊት ደብዳቤ እንኳ ጽፌ አላውቅም፤ ትምህርቴን ያቆምኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው። ዝም በማለት ግን ማን ይበልጠኛል? ለመሆኑ እኛ ዓይን አፋሮች የምንችለውን ሥራ ታውቃላችሁ? በር መጠበቅ ነው!

እህቴ ጫልቱ ውጭ አገር ኮሌጅ ለመግባት ቤት ውስጥ በኮምፒውተር እንግሊዝኛ ትፈተን ነበር። የሌላ ሰው ድምፅ ከተሰማ ፈተናው ይሰረዛል። ስለዚህ እኔን ደጅ አቆመችኝ። ከአሰላ ሁሉ የተሻለ ዝምተኛ ከየት ታመጣለች?

አንድ ባለጋሪ ከፈረሱ ጋር እየተጨቃጨቀ መጣ። ዝም እንዲል በእጄ ምልክት ሰጠሁት። ሰላምታ መስሎት "አካም ጅርታ!" አለኝ።

"ዝም በል! እህቴ ፈተና ላይ ናት!" ብዬ ጮህኩ። ፈረሱ እንኳ ደነገጠ።

ኮምፒውተሩ የባለጋሪውን ድምፅ አልሰማም፤ የእኔን ሰምቶ ፈተናውን ሰረዘው። ጫልቱ በሩን ከፍታ አፈጠጠችብኝ።

"አንቺ! ሃያ ዓመት ሙሉ ዝም ብለሽ፣ ዛሬ ነው አፍ የፈታሽው?"