ወደብ አልባው አማች

ሐበሻ ሴት ልጁን ለጋብቻ ሲጠየቅ «ልጁ ምን ይሠራል?» ብሎ አይጀምርም፤ «የማን ልጅ ነው?» ይላል እንጂ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ! እዚህ አሜሪካም ቢሆን ለሁለት ለሦስት ሰው ከተደወለ የልጁ አያት የሰው በሬ ነድተው እንደሆነ ሳይቀር ይታወቃል። ልጁ የመጣው ከቦሊቪያ ከሆነስ? ለማን ተደውሎ ማን ይጠየቃል? አያት ካልተገኘ እንግዲህ በአያት ፈንታ አገሩ ይመረመራል ማለት ነው።

ዋልተር ግሌንዴል የጥርስ ሕክምና ቤት የሚሠራ ጭምት ቦሊቪያዊ ነው። የኛዋን ልጅ ቤቲን ይወዳታል፤ እሷም ትወደዋለች። የአባቷ ምርቃት ከሌለበት ግን ቀለበት እንደማታጠልቅ ቁርጡን ነግራዋለች። ስለዚህ ሽማግሌ ይላክ ተባለ። የተመረጥኩት በአስተዋይነቴ ነው ብል ደስ ባለኝ፤ ሽበትና አንድ ደህና ሱፍ ስላለኝ ነው። ሁለተኛው ጋሽ ሁሴን ናቸው፤ የሐበሻ ሱቅና ምግብ ቤት በሞላበት ፌርፋክስ ጎዳና ላይ የቅመም ሱቅ ያላቸው፣ ምርቃታቸው ድንጋይ የሚያለሰልስ ወሎዬ። ሦስተኛውን ከራስህ ወገን አምጣ፣ ሽበት ይኑረው እንጂ ሌላው ግድ የለም ብዬ ዋልተርን አዘዝኩት። ዶን ሰርሂዮ የሚባሉ ጎረቤቱን አመጣ። ሽበታቸውን ሳይ ቀናሁ። ከየት እንደመጡ መጠየቅ ግን ትዝም አላለኝ። ስፓኒሽ ይናገራሉ፤ በቃ፣ የአገሩ ሰው ናቸው! እኛን «ኬንያዊ ናችሁ?» ሲሉን ግን እንዴት ነው የምንቆጣው?

የቤቲ አባት ጋሽ ደምሰው ቤታቸው ቫን ናይስ ነው፤ መንበራቸው ግን ፌርፋክስ፣ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ መስኮቱ አጠገብ ያለችው ጠረጴዛ ናት። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ዓለምን የሚያስተዳድሩት ከዚያ ነው። ሽማግሌም ቢሆን እዚያው ይምጣ ብለው ላኩብን። ወግ ነውና ቃላችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለን ሦስታችንም በጠረጴዛዎቹ መሐል ተገተርን። አስተናጋጇ ክትፎ ተሸክማ በጎናችን እየተሽሎከለከች «ፕሊስ ቁጭ በሉ፣ መንገዱን እኮ ብሎክ አደረጋችሁት» ትላለች። ዶን ሰርሂዮ ምግብ ቤት ገብተው ለምን እንደሚቆሙ የገባቸው አይመስሉም፤ ቢሆንም ፈገግ ብለው ቆመዋል።

ጋሽ ደምሰው ጉሮሯቸውን ጠርገው መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ልጁ አገር መንግሥት ነው። ለዚህስ ተዘጋጅቻለሁ፤ ፍሪዌይ ላይ ስልኬ ሲያነብልኝ ነው የመጣሁት። ፕሬዚዳንታቸውን በምርጫ ይሾማሉ፣ ዋና ከተማቸው በሕግ ሱክሬ ነው፣ መንግሥቱ የሚቀመጠው ግን ላ ፓዝ ነው አልኩ። «እኔ ሁለት ቤት ያለው ሰው አላምንም» አሉ። ወደ ኢኮኖሚው ተሻገሩ። ጋዝ አላቸው፣ የባትሪ ሊቲየምም ጨው ሜዳቸው ሥር ተኝቷል አልኩ። ከመሬት ያልወጣ ሀብት እኛም አገር ሞልቷል፣ እሱን ለኔ አትንገረኝ አሉ። ቤቲ ከሒሳብ መክፈያው አጠገብ ከዋልተር ጋር ቆማ ጥፍሯን ትበላለች። አንጀቴን በላችው።

ሦስተኛው የውጭ ግንኙነት ሆነ። ከጎረቤት ጋር እንዴት ናቸው? ሲሉኝ ምን ልዋሽ? እውነቱን ተናገርኩ። ድሮ በጦርነት ቺሊ ባሕራቸውን ወሰደችባቸው፣ ወደብ የላቸውም፣ ለብዙ ዘመን አምባሳደር እንኳ አልተለዋወጡም፤ ባሕር ኃይል ግን እስከ ዛሬ አላቸው፣ ሐይቅ ላይ ይለማመዳል አልኩ።

ጋሽ ደምሰው ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ባሕር ሳይኖራቸው ባሕር ኃይል? ይኼማ የኛው ሰው ነው! አያቱ ምን ያደርጉልኛል?» ብለው ዋልተርን ጎትተው ግንባሩን ሳሙት። ደስ አለኝ፤ ሽምግልና ለካ ተሰጥኦዬ ኖሯል! ምነው እዚያ ላይ ባቆሙ! አንድ ቺሊያዊ ባገኝ ከዚህ ቤት በእግሩ አይወጣም ብለው ለቤቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ አወጁ።

ይኼኔ ዶን ሰርሂዮ ጥያቄ እንዳለው ተማሪ እጃቸውን አወጡ። ቺሊያዊ ነኝ፣ የተወለድኩትም ከባሕሩ ዳር ነው አሉ።

ጋሽ ሁሴን «ያ ረቢ!» አሉ። ቤቲ ፊቷን ሸፈነች። እኔ በሩ ምን ያህል እንደሚርቅ በዓይኔ ለካሁ። ጋሽ ደምሰው ወንበራቸውን ወደ ሰውዬው አዙረው፣ አንተ የመጣኸው ሽማግሌ ሆነህ ነው፣ ሽማግሌ ደግሞ የሚመጣው ለማስታረቅ ነው፤ ስለዚህ ባሕራቸውን መልስላቸውና ልጄን ልስጥ አሏቸው። ዶን ሰርሂዮ የምር አሰቡበት። ባሕሩን መመለስ ከአቅሜ በላይ ነው፤ ማሪና ዴል ሬይ ወደብ ላይ ግን ትንሽ ጀልባ አለችኝ፤ በሠርጋቸው ቀን ባሕር ላይ አወጣቸዋለሁ፣ መሪውንም ቦሊቪያዊው ይያዝ አሉ። ጋሽ ደምሰው «ለጊዜው ይበቃል» አሉና ተቀመጡ አሉን። ጋሽ ሁሴን ሲመርቁ አሜን የሚለው ድምፅ ከማድ ቤት ሳይቀር ተሰማ።

የሠርጉ ዕለት ቃል ተከበረ። ጀልባዋ ግን እውነትም ትንሽ ናት፤ ሙሽሮቹ፣ ሚዜዎቹና ዶን ሰርሂዮ እንደገቡ ሞላች። ዋልተር መሪውን ጨብጦ እንደ አድሚራል ሲወጣ እኔ፣ ጋሽ ሁሴንና ጋሽ ደምሰው ሱፋችንን እንደለበስን ዳር ላይ ተገትረን ቀረን። ጋሽ ደምሰው ጀልባዋ እስክትርቅ አይተው አይተው፣ «ልጄ እንኳ በባሏ በኩል ባሕር ገባች!» አሉ። «ቺሊና ቦሊቪያን አስታርቀን፣ ዛሬም ባሕር ያጣነው እኛው!»